በሩን የሚዘጋው ማን ነው? የብሪታንያ «የማርቲን ሕግ» ለአዳራሽና ለቤተ ክርስቲያን ኃላፊዎች ሲብራራ

በብሪታንያ ባለ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የትንሣኤን ሌሊት ያሳለፈ ሰው የመግቢያው ሁኔታ ከዓይኑ አይጠፋም። በዋናው በር ግራና ቀኝ ጫማ ተከምሯል፤ ከጫማው አጠገብ የሕፃናት ጋሪዎች ተደርድረዋል፤ በጎን በኩል ባለው ሁለተኛ በር ላይ ደግሞ የካፖርት መስቀያና የታጠፉ ወንበሮች ተደግፈውበታል። በዘወትር እሑድ መቶ ሰው የማይሞላው ሕንፃ በዚያች ሌሊት ሦስት ወይም አራት መቶ ሰው ይዟል። በዚህ መካከል አንድ ሰው መኪናውን ወደ ደጁ ነድቶ ወይም ቢላ ይዞ ቢመጣ በሩን የሚዘጋው ማን ነው? ምእመናኑ በየት በኩል ይወጣሉ? ወይስ መውጣት የለባቸውም? ይህንንስ ማን፣ በምን ቋንቋ ይነግራቸዋል? እነዚህ ጥያቄዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ለኃላፊዎቹ በጎ ፈቃድ የተተዉ ነበሩ፤ አሁን ግን መልሳቸው በሕግ የሚጠየቅ ሊሆን ነው።

ሕጉ በሙሉ ስሙ ስለ ሽብርተኝነትና ሕዝብ ስለሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ጥበቃ የወጣ የ2025 ሕግ ሲሆን፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ግን «የማርቲን ሕግ» በሚለው ስሙ ነው። ኤፕሪል 3 ቀን 2025 የንጉሡን ይሁንታ አግኝቶ የጸደቀ ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ ይሠራል። መንግሥት ለዝግጅት ቢያንስ 24 ወራት እንደሚሰጥ ስላስታወቀ፣ ግዴታዎቹ ከኤፕሪል 2027 በፊት አይጸኑም።

ስሙ የመጣው ከማርቲን ሄት ነው። ሜይ 22 ቀን 2017 በማንቸስተር አሬና የአሪያና ግራንዴ የሙዚቃ ዝግጅት ሲያበቃ አንድ አጥፍቶ ጠፊ ባፈነዳው ቦምብ 22 ሰዎች ተገደሉ፤ የ29 ዓመቱ ማርቲን ከእነርሱ አንዱ ነበር። እናቱ ፊገን መሪ ከልጇ ሞት በኋላ ወደ አንድ ዝግጅት ስትሄድ ቦርሳዋን የፈተሸ ሰው አለመኖሩን ባየች ጊዜ ዘመቻዋን ጀመረች፤ በሜይ 2024ም ከማንቸስተር እስከ ጠቅላይ ሚኒስትሩ መኖሪያ ድረስ 200 ማይል ያህል በእግሯ ተጉዛለች።

ሕጉ የሚጠይቀውን ለመረዳት በዚያች ሌሊት የጎደለው ምን እንደነበረ ማየት ይጠቅማል። በሰር ጆን ሳንደርስ የተመራው የሕዝብ ምርመራ ስለ አዳራሹ ጥበቃ ያዘጋጀውን የመጀመሪያ ቅጽ በጁን 2021 ሲያወጣ፣ አጥፍቶ ጠፊው የደኅንነት ካሜራ በማይደርስበት ጥግ ተቀምጦ እንደነበረ፣ ፍንዳታው ከመድረሱ ሩብ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ከዝግጅቱ ልጅ ሊወስድ የመጣ አንድ ሰው የአጥፍቶ ጠፊው ሁኔታ ስላላማረው ለአንድ ወጣት አስተናባሪ እንደተናገረ፣ ነገሩ ግን ሊወስን ወደሚችል ኃላፊ ሳይደርስ እንደቀረ አስፍሯል። ሌላ ወጣት ሠራተኛ በሬዲዮ ለመናገር ሞክሮ መስመሩን ማግኘት አልቻለም። ስለ አደጋ ጊዜ አገልግሎቶች በ2022 የወጣው ሁለተኛው ቅጽ ደግሞ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ወደ ስፍራው ለመድረስ ከሁለት ሰዓት በላይ እንደወሰደባቸው አሳይቷል። እንደ እኔ ንባብ ከዚህ ሁሉ ጎልቶ የሚወጣው የመሣሪያ እጥረት አይደለም፤ ጥርጣሬ ያደረበት ሰው ለማን እንደሚናገር፣ የሰማውም ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ አለመወሰኑ ነው። ሕጉን ከዚህ አንጻር ያነበበ ሰው ብዙም አይደናገርበትም።

ግዴታው ማንን ይመለከታል? በሕጉ ዝርዝር ውስጥ ሱቆች፣ ምግብና መጠጥ ቤቶች፣ የመዝናኛና የስፖርት ቦታዎች፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ሙዚየሞች፣ ለኪራይ የሚውሉ አዳራሾች፣ ሆቴሎች፣ የአምልኮ ቤቶች፣ የሕክምና ተቋማት፣ ትምህርት ቤቶችና ሌሎችም ተጠቅሰዋል። ከእነዚህ በአንዱ ዓይነት አገልግሎት ላይ የዋለ ሕንፃ በአንድ ጊዜ 200 ወይም ከዚያ በላይ ሰው በውስጡ ይገኛል ተብሎ በአግባቡ የሚጠበቅ ከሆነ ግዴታው ይጀምራል። መጀመሪያ በቀረበው ረቂቅ ላይ መነሻው 100 ሰው ነበር፤ ትንንሽ ማኅበራትንና የመንደር አዳራሾችን ያስጨንቃል በሚል ክርክር ወደ 200 ከፍ ብሏል። ከ200 እስከ 799 ሰው የሚይዘው በመደበኛው ደረጃ፣ 800 እና ከዚያ በላይ የሚይዘው ደግሞ በከፍተኛው ደረጃ ይመደባል።

ስለ ቆጠራው ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ የሚቆጠረው ደንበኛው ወይም ምእመኑ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ሠራተኛውም ዘማሪውም ወጥ ቤት ያለውም ሰው ይቆጠራል። ሁለተኛው፣ ሕጉ «ከጊዜ ወደ ጊዜ» የሚገኘውን ሰው ቁጥር የሚጠይቅ እንጂ የዘወትሩን አማካይ የሚወስድ አለመሆኑ ነው። ስለዚህ «እኛ እሑድ እሑድ ዘጠና ነን» የሚል ሰበካ ጉባኤ፣ በየዓመቱ ቀናቸው የሚታወቀውን የትንሣኤንና የልደትን ሌሊት እንዳልነበሩ አድርጎ ሊያልፍ የሚችል አይመስለኝም። ቁጥሩን ለመገመት ለእሳት አደጋ ደኅንነት አስቀድሞ የተወሰነውን የሕንፃውን የመያዝ አቅም ወይም የቀደሙ ዓመታትን መዝገብ መጠቀም ይቻላል።

ለአምልኮ ቤቶች አንድ ትልቅ ቅለት ተደርጓል። አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ምኩራብ ከ800 በላይ ሰው ቢይዝ እንኳ በመደበኛው ደረጃ ይቆያል። ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ሁለተኛ ደረጃና ኮሌጅ ያሉ ትምህርት ቤቶችም እንዲሁ ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲዎች ግን በቁጥራቸው መጠን ወደ ከፍተኛው ደረጃ ሊገቡ ይችላሉ።

ከሕንፃ ውጭ የሚደረግ ዝግጅት ለብቻው የሚታይ ነው። 800 ወይም ከዚያ በላይ ሰው የሚገኝበት፣ ለሕዝብ ክፍት የሆነና መግቢያው ላይ ትኬት ወይም ሌላ የመግቢያ ፈቃድ የሚታይበት ዝግጅት በሕጉ ይሸፈናል። በመናፈሻ ሜዳ ላይ ማንም እንዳሻው መጥቶ የሚያከብረው የመስቀል ደመራ፣ በሩ ላይ የሚፈትሽ እስከሌለ ድረስ፣ በዚህ ክፍል ውስጥ አይገባም። ያው ሜዳ ታጥሮ ለአዲስ ዓመት የሙዚቃ ድግስ ትኬት ከተቆረጠበትና ሺህ ሰው ከተጠበቀ ግን ይገባል። በጥሪ ካርድ ብቻ የሚገባበት ሠርግ ለሕዝብ ክፍት ስላልሆነ እንደ «ዝግጅት» አይቆጠርም፤ ሠርጉ የሚደረግበት አዳራሽ ግን በራሱ የመያዝ አቅም ግዴታ ሊኖርበት ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ ማኅበራትን ሁልጊዜ የሚያከራክረው ነው፦ ተጠያቂው ማን ነው? ሕጉ ኃላፊነቱን የሚጥለው ሕንፃውን ለዚያ አገልግሎት በሚቆጣጠረው አካል ላይ ነው። አንድ ዕድር ለአንድ ቅዳሜ ማታ የማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ቢከራይና ቁልፉ፣ ሠራተኛውና የበሩ ጥበቃ በአከራዩ እጅ ቢቆዩ፣ የሕንፃው ተጠያቂ አከራዩ ሆኖ ይቀጥላል። በአንጻሩ አንድ ጉባኤ የቆየ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ በረጅም ጊዜ ኪራይ ሙሉ በሙሉ ይዞ የሚያስተዳድር ከሆነ ግዴታው የእርሱ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከሁለቱ መካከል ነው፤ ብዙዎቹ የእኛ ጉባኤዎች ከሌላ ሰበካ ሕንፃ በሰዓት ተከራይተው፣ የዋናውን በር ቁልፍ ግን ራሳቸው ይዘው ይገለገላሉ። እንዲህ ላለው ሁኔታ ከባለቤቱ ጋር ተቀምጦ በኪራይ ውሉ ላይ ማን ምን እንደሚያደርግ መጻፍ ይገባል። እንኳን አደጋ መጥቶ፣ ማሞቂያው ሲበላሽ እንኳ «የማን ሥራ ነው» በሚል የሚጠፋውን ጊዜ በኮሚቴ ውስጥ ያገለገለ ሁሉ ያውቀዋል።

በመደበኛው ደረጃ ያለ ኃላፊ የሚጠበቅበት ሁለት ነገር ነው። አንዱ ስለ ሕንፃውና ስለ ራሱ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ነው። ተቆጣጣሪው የጥበቃ ኢንዱስትሪ ባለሥልጣን ሲሆን፣ በለንደንና በሌሎች ከተሞች በጥበቃ ሥራ ላይ ያሉ ወገኖቻችን «ኤስ አይ ኤ» ብለው የሚጠሩት፣ ባጃቸውን የሚያወጡበት መሥሪያ ቤት ነው። ሁለተኛው፣ ጥቃት ቢደርስ ወይም በአቅራቢያ ቢከሰት በሰዎች ላይ የሚደርሰውን የሞትና የአካል ጉዳት አደጋ የሚቀንስ የአሠራር ሥርዓት ማዘጋጀት ነው። ሥርዓቱ «በተግባር በሚቻለው መጠን» የሚል ገደብ አለው፤ የበጎ ፈቃደኞች ኮሚቴ ከአንድ የእግር ኳስ ስታዲየም እኩል አይመዘንም። በዚህ ደረጃ ካሜራ፣ የብረት መፈተሻ ወይም የደጅ ብረት አጥር የመግዛት ግዴታ የለም።

የአሠራር ሥርዓቱ አራት ጉዳዮችን ይይዛል፦ ሰውን ማስወጣት፣ ሰውን ወደ ውስጥ አስገብቶ ወይም እዚያው ውስጥ ወዳለ ደኅና ክፍል አዛውሮ ማቆየት፣ በሮችን ዘግቶ አጥቂው እንዳይገባ መከልከል፣ እንዲሁም በስፍራው ላለው ሰው ማሳወቅ። በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላሉ። ከባድ የሚሆኑት እርስ በርሳቸው ስለሚቃረኑ ነው።

ለምሳሌ የእሳት ደወልን እንውሰድ። ከ2005 የእሳት ደኅንነት ደንብ ጀምሮ ማንኛውም አዳራሽ የሚያውቀው አንድ ትምህርት «ደወል ሲሰማ ውጡ» የሚል ነው። አጥቂው በደጅ በኩል ቢሆንና አንድ የደነገጠ ሰው ያንን ደወል ቢጫነው፣ ሦስት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ወደ አደጋው ይፈስሳል። ስለዚህ ለበር መዝጊያው ከእሳት ደወሉ የተለየ ምልክት ያስፈልጋል፤ በማይክሮፎን የሚነገር አንድ ቃል ወይም በአስተናባሪዎች መካከል የታወቀ የእጅ ምልክት ሊሆን ይችላል። በር መዝጋት ሲባል ደግሞ የመውጫ በሩን በሰንሰለት ማሰር ማለት አይደለም፤ ይህ በእሳት ሕግ የተከለከለ ከመሆኑም በላይ ራሱ ገዳይ ነው። ከውስጥ በቀላሉ የሚከፈት፣ ከውጭ ግን የማይከፈት መቀርቀሪያ ይፈለጋል፤ የትኛው በር ይህን እንደሚችል ለማወቅም በየበሩ ዞሮ በእጅ መሞከር ይበቃል።

በር መዝጋት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በኦክቶበር 2 ቀን 2025 በዚያው በማንቸስተር ታይቷል። በአይሁድ የስርየት ቀን አንድ አጥቂ በሂተን ፓርክ ምኩራብ ደጅ መኪናውን በሰዎች ላይ ነድቶ፣ ከዚያም በቢላ እየወጋ ወደ በሩ ሲያመራ፣ በውስጥ የነበሩት ምእመናን በሩን በአካላቸው ገፍተው ይዘው እንዳይገባ ከለከሉት። ሁለት ምእመናን ሞተዋል፤ ከእነርሱ አንዱ የሞተው፣ በሩን ሲከላከል ሳለ፣ ፖሊስ በአጥቂው ላይ በተኮሰው ጥይት ተመትቶ ነው። በሩ ባይዘጋ ኖሮ የጉዳቱ መጠን ሌላ ይሆን ነበር። ከበሩ ጀርባ የሚቆም ሰውም አደጋ ላይ መሆኑን ሥርዓቱን የሚጽፍ ሰው መርሳት የለበትም፦ በሩ ከተዘጋ በኋላ ሰው ከመስታወትና ከበር ርቆ ወደ ውስጥ መግባት አለበት።

ማሳወቅ የተባለው አራተኛው ጉዳይ ለእኛ ከሁሉ ይከብዳል ብዬ አምናለሁ። በቅዳሴ ላይ ያለን ጉባኤ እናስብ። ቅዳሴው ቢያንስ በአምስት ልዑካን የሚፈጸም ሲሆን ካህናቱ ሥጋ ወደሙን ትተው አይወጡም፤ ስለዚህ ወሳኙ ሰው ከቀዳሾቹ መካከል ሊሆን አይችልም። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር በዚያ ቀን ላይመጣ ይችላል። እንግዲህ በየሳምንቱ ተራው የደረሰ፣ ስሙ በግድግዳ ላይ የተጻፈ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ማይክሮፎኑን መያዝ የሚችል ሰው መኖር አለበት። የሚናገረውም አስቀድሞ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቢሆን ይሻላል፤ በድንጋጤ ሰዓት ማንም አይረቅቅም። እንዲህ ያለ ነገር፦ «ወገኖቼ፣ አሁኑኑ በጎን ባለው በር እንውጣ። ጫማ አትፈልጉ። ልጆቻችሁ ከሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን ጋር በኋላ በር እየወጡ ነው፤ ወደ ምድር ቤት አትውረዱ።»

ሁለቱ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ያለ ምክንያት አልገቡም። ሰው በባዶ እግሩ ወደ ጎዳና ለመውጣት ያመነታል፣ ጎንበስ ብሎም ጫማውን ይፈልጋል፤ በጠባብ በር ላይ አንድ ሰው ጎንበስ ሲል ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። እናቶች ደግሞ ልጃቸው በምድር ቤቱ ክፍል ውስጥ ካለ የማንንም ማስታወቂያ ሰምተው በሌላ አቅጣጫ አይሄዱም። የጫማ መደርደሪያውን ከበሩ ሦስትና አራት ሜትር ማራቅ፣ ለልጆቹም የተለየ መውጫ መወሰንና ይህንኑ ለወላጆች አስቀድሞ መንገር ከማንኛውም መሣሪያ የበለጠ ይሠራል። ምርኩዝ ለያዙ እናቶችና አባቶች ከጎናቸው የሚሄድ ሰው መመደብም እንዲሁ።

ሥርዓቱ በኮሚቴው ፋይል ውስጥ ብቻ ከቀረ እንዳልተዘጋጀ ይቆጠራል፤ ሕጉ ሥርዓቱን የሚፈጽሙት ሰዎች እንዲያውቁት ይፈልጋልና። ለዚህ የሚከፈል ገንዘብ የለም። ፕሮቴክት ዩኬ በተባለው የመንግሥትና የፖሊስ ድረ ገጽ ላይ ማንም ሰው በነፃ የሚወስደው፣ አንድ ሰዓት እንኳ የማይሞላ የግንዛቤ ሥልጠና አለ። ፖሊስ ለሕዝብ የሚሰጠው ምክርም «ሩጡ፣ ተደበቁ፣ ተናገሩ» የሚል ነው፦ መሸሽ ከተቻለ መሸሽ፣ ካልተቻለ ተደብቆ ስልክን ድምፅ አልባ ማድረግ፣ ደኅና ቦታ ሲደረስ ወደ 999 መደወል። አስተናባሪ ሆነው የሚያገለግሉት ወጣቶቻችን እንግሊዝኛውን ስለሚችሉ ሥልጠናውን ወስደው ለትልልቆቹ በአማርኛ ቢያስተላልፉት ሥራው ያልቃል።

የከፍተኛው ደረጃ ጉዳይ የሚመለከተው ትልልቅ አዳራሾችን፣ ስታዲየሞችንና የኮንሰርት አዘጋጆችን ስለሆነ በአጭሩ ላንሳው። እነዚህ ከአሠራር ሥርዓቱ በተጨማሪ የሕንፃውንና የአካባቢውን ሁኔታ መከታተልን፣ የሰውን መግባትና መውጣት መቆጣጠርን፣ የሕንፃውን አካላዊ ደኅንነትና ለአጥቂ የሚጠቅም መረጃን መጠበቅን የሚመለከቱ እርምጃዎች መውሰድ፣ ይህንንም በሰነድ አደራጅተው ለተቆጣጣሪው መስጠት አለባቸው። ኃላፊው ድርጅት ከሆነ አንድ ከፍተኛ የሥራ መሪ በስም ይመደባል። በአውሮፓ ከተሞች እየዞሩ ትልልቅ የሐበሻ ኮንሰርት የሚያዘጋጁ ወገኖች ወደ ብሪታንያ ሲመጡ፣ ቦታውን ራሳቸው ተረክበው የሚያስተዳድሩ ከሆነ፣ ይህን ክፍል ሊያነቡት ይገባል።

ቅጣቱም እንደ ደረጃው ይለያያል። በመደበኛው ደረጃ ከፍተኛው የገንዘብ ቅጣት 10,000 ፓውንድ ሲሆን፣ በከፍተኛው ደረጃ ግን 18 ሚሊዮን ፓውንድ ወይም የድርጅቱ ዓለም አቀፍ ገቢ 5 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ሊሆን ይችላል። ጥፋቱ ከቀጠለ በየቀኑ የሚታሰብ ቅጣት ይጨመራል፦ በመደበኛው እስከ 500 ፓውንድ፣ በከፍተኛው እስከ 50,000 ፓውንድ። ተቆጣጣሪው ጉድለቱ እንዲስተካከል በጽሑፍ ማዘዝ ይችላል፤ መንግሥትም የባለሥልጣኑ ቀዳሚ ሥራ መምከርና መደገፍ እንደሚሆን አስታውቋል።

እነዚህ ቁጥሮች ግን ገበያ ከፍተዋል። አንድ የማውቀው የማኅበር ኮሚቴ፣ ሕጉ እንደጸደቀ ሰሞን፣ «የማርቲን ሕግ ሰርተፍኬት» በብዙ መቶ ፓውንድ እንሰጣለን የሚል ደብዳቤ ደርሶት ለሁለት ስብሰባ ያህል ሲጨነቅ ነበር። ሕጉን ስለማክበር መንግሥት የሚያውቀው እንዲህ ያለ ሰርተፍኬት የለም፤ በመደበኛው ደረጃ ያለ ሰው አማካሪ መቅጠርም አይጠበቅበትም። የመንግሥት ግምት ራሱ በዚህ ደረጃ ያለ አንድ ሕንፃ የሚያወጣውን በዓመት ወደ 330 ፓውንድ ገደማ አድርጎ ያስቀምጣል፤ ይህም በአብዛኛው ሰዎች ለሥርዓቱ የሚያውሉት ጊዜ ወደ ገንዘብ ተመንዝሮ ነው።

ለሚጀምር ኮሚቴ የምመክረው የመጀመሪያው ሥራ በባዶ ሕንፃ ውስጥ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ በአንዱ ማታ፣ አራት ወይም አምስት ሰው ሆኖ መዞር ነው። እያንዳንዱን በር ከፍቶ መዝጋት፣ የሚቆለፍ ክፍል የትኛው እንደሆነ ማየት፣ ስልክ በምድር ቤቱ ውስጥ እንደሚሠራ መሞከር፣ ከወጡ በኋላ ሰው የሚሰበሰብበትን ቦታ መምረጥ፤ ይኸውም ከዋናው መንገድ ዳር እንዳይሆን መጠንቀቅ ነው። ያገኙትን በሁለት ገጽ ይጻፉት። ገጹ ላይ ከሰው ስም ይልቅ የኃላፊነት ቦታ ይጻፍ፤ የሰበካ ጉባኤም የዕድርም አመራር በየጊዜው በምርጫ ይለወጣልና፣ የቀድሞው ጸሐፊ ሲወርድ ሁለቱ ገጾችና የጎን በሩ ቁልፍ አብረውት ወደ ቤቱ እንዳይሄዱ በርክክቡ ቃለ ጉባኤ ላይ ይመዝገቡ።